ከቅድሚያ ክፍያው የተረፈው

ለእታለሜ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እዚያ በረሃሽ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅሽ፣ ጉልበትሽም እሺ ብሎሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። አዲሱ መድኃኒት ተስማማሽ? ልጆቹስ ይደውሉልሻል? ከተማችን ኢሪ እንደምታውቂያት ናት። ሐይቁ ገና አልጋገረም፤ ስለዚህ በረዶውን እያነሳ እላያችን ላይ ይዘረግፈዋል። ትናንት ጧት መኪናዬን ያገኘኋት በመጥረጊያ እንጨት እየወጋሁ ፈልጌ ነው። እኛ አለን።

በስልክ ልነግርሽ እየጀመርኩ የተውኩት ነገር አለ። አንቺም ልትነግሪኝ እየጀመርሽ የተውሽው ነገር እንደነበረ አሁን ገብቶኛል፤ ወደሱ እደርሳለሁ። ስልክ ላይ አንዳችን ዝም ስንል ሌላችን ስለ አየሩ እናነሳለን። ወረቀት ይሻላል፤ ቃል እስኪመጣልኝ ድረስ ይጠብቀኛል።

ቤት ገዛን። የምንኖርበትን ማለቴ አይደለም፤ አጠገባችን ያለውን የሽማግሌውን የኦርቪልን ቤት ነው። ታስታውሺዋለሽ፣ ላይና ታች ሁለት ቤተሰብ የሚያኖረውን፣ ባለ አረንጓዴ በረንዳውን። ኦርቪል ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ታች ብቻውን እየኖረ ላዩን ለአንዲት የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ያከራይ ነበር። መስከረም ላይ ልጁ ወዳለችበት ወደ ቨርጂኒያ ሊሄድ እንደሆነ ለዌንደል በአጥሩ አሻግሮ ነገረው። ዌንደል በዚያው ቀን እራት ላይ፣ "ቤቱን እኛ ብንገዛውስ?" አለኝ፤ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት አድርጎ።

ዌንደልን ታውቂዋለሽ። ባል ሆኖኝ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንደ ዕዳ የጠላው ነገር የለም። የጭነት መኪናውን ብድር ከጊዜው በፊት ከፍሎ የጨረሰ ቀን ኬክ ገዝቶ የገባ ሰው ነው። እኔም ከሱ አልሻልም። አባባ ክፍያው አልፎበት ቤታችን የተወሰደ ጊዜ ትልቋ አንቺ ስለነበርሽ ፍራሽ ተሸከምሽ፤ እኔ ድመቷን በቅርጫት ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ የባንክ ፖስታ ሲመጣ ቆሜ ሳልከፍተው ኮቴን አላወልቅም። ሁለት ዕዳ ፈሪዎች በስተርጅና ተበድረን የኪራይ ቤት ልንገዛ መነሳታችን ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

አላጠራጠረኝም፤ የሰጠኝ ምክንያት ጥሩ ነበራ። "የኔ የፋብሪካ ጡረታ ይኸው ያለው ነው" አለኝ። "አንቺም የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ዕድሜሽን ሙሉ አትጠብቂውም። ቤት ግን ጡረታ አይወጣም፤ ወር በመጣ ቁጥር ያመጣልሻል።" ያመጣልናል አላለም፤ ያመጣልሻል ነው ያለው። ያን ጊዜ ጆሮዬ አልያዘውም።

ገንዘቡ ከየት መጣ ትይኛለሽ። የአደን ጎጆውን ከነጫካው በሐምሌ ሸጦታል። ያቺን ጎጆ። ወንድሙ እንኳ ሽጥልኝ ሲለው የተጣላባትን። "አጋዘኖቹም እኔን ማየት ሰልችቷቸዋል" ብሎ ቀለደና ፈረመ። መቶ ሺህ ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገንዘብ ባንክ ገባ። ኦርቪል ደግሞ ለቤቱ ሁለት መቶ ሃያ ሺህ ጠየቀ፤ ጎረቤት ላልሆነ ሰው ቢሆን ከዚያ በላይ ይል ነበር።

ብድር ለመጠየቅ የሄድነው ትሪሽ ወደምትባል ሴት ዘንድ ነው። ሳቋ ከውጭ መንገድ ይሰማል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከረሜላ የሞላ ሳህን አለ፣ ሰው ካልወሰደላት ደስ አይላትም። "ልትኖሩበት ቢሆን ኖሮ ትንሽ ከፍላችሁ ትገቡ ነበር" አለችን። "ለኪራይ ለሚገዛ ባለ ሁለት ቤተሰብ ቤት ግን ከዋጋው ሩቡን ቀድማችሁ ካልከፈላችሁ ማንም አያበድራችሁም። ወለዱም ከመኖሪያ ቤት ከፍ ይላል። ከሩብ በላይ ከከፈላችሁማ እኔም ደስ ይለኛል፣ የወር ክፍያችሁም ይቀንሳል።"

እኔ ልቤ ቶሎ ቆረጠ። ዘጠና ሺውን እንከፍላለን አልኩ። እንደዚያ ካደረግን ከሁለቱ ተከራይ አንዱ ቢወጣ እንኳ ባንደኛው ኪራይ የወሩን ክፍያ ገፋ ገፋ እናደርገዋለን። ሩቡን፣ ማለት ሃምሳ አምስት ሺውን ብቻ ከከፈልን ግን ክፍያው በወር ከሺህ ዶላር በላይ ይሆናል፤ የቤት ግብሩ ሲጨመርበት ሁለቱም ፎቆች ካልተከራዩ ከኪሳችን ነው። ዌንደልም እንደኔ ያስባል ብዬ ዘወር ብዬ እንኳ አላየሁትም።

"ሩቡ ይበቃል" አለ።

ትሪሽ ፊት መከራከር አልፈለግሁም። መኪና ውስጥ ግን ለቀቅኩት። "አንተ ነህ ይህን የምትለው? ለመኪና ብድር እንቅልፍ ያጣኸው ሰው?" አልኩት።

"ግድግዳ ውስጥ የገባ ገንዘብ ስትጠሪው አይመጣም" አለኝ። "እጅሽ ላይ ያለ ግን አለ።"

"ለምን ጉዳይ ነው የምጠራው?"

"ለማሞቂያው። ለጣሪያው። እኔ ምን አውቃለሁ። የኦርቪል ማሞቂያ ከኦርቪል ይበልጣል በዕድሜ።"

ሳምንት ሙሉ በዚህ ተነታረክን። ክፉ ንግግር አልነበረም፤ ሳህን እያጠብን፣ ልብስ እያጠፍን ነው። እኔ የአባባን ነገር አነሳለሁ፤ እሱ "አባትሽን ያጠፋው ዕዳው አይደለም፣ በክፉ ቀን እጁ ላይ ምንም አለመኖሩ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን እውነቱን መናገሩ አላሳመነኝም፤ ሌላ ነገር ከኋላው ያለ መሰለኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ባንክ ስንሄድ ዌንደል ጥያቄውን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። "አሁን ሩቡን ከፍለን ገብተን፣ በኋላ ጠቀም ያለ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ቢመጣ፣ የወር ክፍያውን ማስቀነስ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ" አላት።

"ሪካስት ነው" አለች ትሪሽ። "ይቻላል። አዲስ ብድር አይደለም፤ ወለዱም ያው፣ የሚያልቅበትም ዓመት ያው። ጠቀም ያለውን ገንዘብ ከዋናው ብድር ላይ ታወርዳላችሁ፣ እኛ የቀረውን ለቀሩት ዓመታት እንደገና እናካፍለዋለን፣ የወሩ ክፍያ ይወርዳል። ለሥራው ጥቂት መቶ ዶላር ነው የምናስከፍለው። ሌላ ሱሪ መግዛት አይደለም፤ ያንኑ ሱሪ ወገቡን ማስጠበብ ነው።"

"ወገብ ማስጠበቡንስ ለምጄዋለሁ" አለ ዌንደል፣ አውራ ጣቱን ቀበቶው ውስጥ ከትቶ። ትሪሽ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ እታለሜ። አብሬያቸው ሳቅሁ።

"መቶ ሺህ ባንድ ጊዜ ቢከፈልስ?" ብሎ ጠየቃት።

ትሪሽ አሰላችው። የወሩ ክፍያ ከግማሽ በታች ወረደ። ያኔ ከአንዱ ፎቅ ኪራይ ላይ ብቻ ተከፍሎ፣ ግብሩም ተከፍሎ፣ ለአንድ ሰው ቀለብ የሚሆን ይተርፋል። ዌንደል ቁጥሩን ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ከዚያ፣ "ብድሩ ላይ ሁለታችንም ነን የምንፈርመው። ያን ጊዜ አንደኛው ሰው ብቻውን መጥቶ ቢጠይቅስ ይሠራለታል?" አላት።

የትሪሽ ጣቶች የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ቆሙ። ወደሱ ሳይሆን ወደኔ ነው ያየችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ክፍያው ሳይቋረጥ የቆየ ከሆነ ይሠራላታል" አለች። ከረሜላውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። አንድ ወሰድኩ።

መቶ ሺው ከየት ነው የሚመጣው ብዬ በመንገድ ላይ አልጠየቅሁትም። ለምን እንዳልጠየቅሁት አላውቅም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ምሳ በልተው ወጥተው የምግብ ትሪ ስደረድር ነው የገባኝ። በአንዴ አይደለም፣ እንደ በረዶው ቀስ እያለ ተቆለለ። በዚህ ክረምት በረዷችንን የጠረገው ማዶ ያለው ጎረቤት ነው፤ ዌንደል ገንዘብ ሰጥቶት። ጎጆዋ ተሸጠች። ቀበቶው። ከዚያ ደግሞ አንቺ ባልሽ ያረፈ ጊዜ ከሕይወት ኢንሹራንሱ የደረሰሽ ገንዘብ ትዝ አለኝ። ዌንደልም ከፋብሪካው ሲወጣ ሳያቋርጠው የቀረ ያው ዓይነት ነገር አለው፤ ከጡረታው ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥለታል። ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ትሪሽን አስሊልኝ ያላት ቁጥር ነው።

አልጮህኩም። ትሪዎቹን ደርድሬ ጨረስኩ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ኮቴን ለብሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩት ጥቂት ነው። ከልቅሶው ይልቅ ያስቸገረኝ አንድ ሐሳብ ነበር፦ ይህ ሰው ይህን ሁሉ ወር ተቀምጦ ያሰላው እኔ ብቻዬን ስሆን ምን እንደምበላ ነው።

እሁድ እሁድ ጋራዥ ገብቶ ስለሚያመው ወገቡ በስልክ ካንቺ ጋር ያወራ ነበር፤ "ነርስ ናት፣ ትረዳኛለች" ይለኛል። በጥቅምት፣ "ስለ ወገቡ ምን አለሽ?" ስልሽ፣ እዚህ ኢሪ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ የጠየቅሽኝ ለዚህ ነው። አልተቀየምኩሽም። አስምሎሽ ይሆናል። ምሥጢሩ የራሱ ነበር፤ ለማን እንደሚሰጠው የሚመርጠውም እሱ ነው። አንቺን በመምረጡ እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ ብቻውን አልተሸከመውም ማለት ነው።

ሳምንት ያህል እያወቅሁ እንደማያውቅ ሰው ሆንኩ። እሱም ደህና እንደሆነ ሰው ሆነ። ሁለታችንም ጎበዞች ነን።

ዓርብ እንደ ልማዳችን የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሽ፣ ጠብሰው የሚሸጡትን ዓሣ ልንበላ ሄድን። ኦርቪልም ነበር፣ አብሮን ተቀመጠ። እሱን ታውቂው የለ፣ አፉ አያርፍም። "እንግዲህ ወስኑ እንጂ!" አለን። "እኔ እኮ በሕይወት እያለሁ ነው መሸጥ የምፈልገው።"

"ዋጋውን ቀንስና ዛሬውኑ" አለው ዌንደል።

"ቀንሼልህማ ነው። የዚያን ቤት ጩኸት በነፃ ነው የሰጠሁህ። የታችኛው ቧንቧ ስታጥብበት እንደ አማቴ ያጉረመርማል።"

"አማትህን አውቃታለሁ፤ ቧንቧውን እመርጣለሁ።"

ኦርቪል እየሳቀ ድንች ሊያስጨምር ሲነሳ ዌንደል ወደኔ ዞረ። "አንቺስ? ወሰንሽ?" አለኝ።

"ወስኛለሁ" አልኩት። "እንዳልከው ይሁን፣ ሩቡን እንክፈል።"

ክርክር ጠብቆ ስለነበር ደነገጠ። "እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው። የሚተርፈው ገንዘብ ግን ለማሞቂያም ለጣሪያም አይደለም። እሱ ላይ የማዝዘው እኔ ነኝ።"

"ምን ልታደርጊበት?"

"ክሊቭላንድ" አልኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። እዚህ እኛ አገር የሐኪሞቻችን ነገር ሲያበቃ ሰው የሚላከው ወደየትኛው ትልቅ ሆስፒታል እንደሆነ መቼም ታውቂያለሽ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሩቁ ሂሳቡ ነው። ኢንሹራንሳችን እዚያ ስንኩል ነው፣ ሁሉን አይከፍልም፤ ማደሪያም አለ፣ ነዳጅም አለ። ዌንደል ደግሞ የኔን ገንዘብ ራሱ ላይ አያጠፋም።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ማንም። አንተ ነህ የነገርከኝ። ትሪሽ ፊት።"

ኦርቪል ከሩቅ ድንቹን ይዞ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል። ዌንደል እጁን በጠረጴዛው ላይ አሳልፎ አንጓዬን ያዘኝ። "ያ ገንዘብ ላንቺ ነበር እኮ" አለኝ።

"ለኔ ከሆነማ የወደድኩትን ልግዛበት" አልኩት።

"ዓሣሽ እየቀዘቀዘ ነው" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን በላሁት። ኦርቪል ተመልሶ መጥቶ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ካየ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ፣ ቀልዱን ተወው። ከሰሃኑ ድንች አንስቶ የኛ ላይ አካፈለን።

በጥር ፈረምን። ስንቱን ገጽ! ትሪሽ እያንዳንዱን ስታገላብጥልን ዌንደል ቀስ እያለ፣ ፊደሉን እያሳመረ ይፈርም ነበር፤ ያን ያህል ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። ኦርቪል ቁልፎቹን ሲያስረክበን አንደኛውን አውጥቶ፣ "ይህ የምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ግን ከቤቱ ጋር ነው የኖረው" አለን። ዌንደልን አቅፎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሲለቀው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ብርዱ ነው" አለ። ያለነው ቢሮ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክሊቭላንድ እየተመላለስን ነው። የምነዳው እኔ ነኝ። ዌንደል ጎኔ ተቀምጦ አነዳዴን ይተቻል፣ የአውራ ጎዳናውን ጥገና ይተቻል፣ የማደሪያውን ቡና ይተቻል። ከመጣህ ላይቀር ዝም ብለህ ታከም እለዋለሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀጥተኛ፤ ወደድኳት። ባለፈው ስለ በጋ አነሳችልን፤ በጋ ላይ ምን ምን ማድረግ እንደምንችል። ከዚያ ስለሚቀጥለው በልግ ስጠይቃት፣ "በጋን እንያዝ መጀመሪያ" አለችኝ። ዌንደል ሲወጣ፣ "በጋማ ጥሩ ነው፤ የኦርቪልን በረንዳ ቀለም እቀባለሁ" አለኝ። ቀለሙን ገዝቶ አስቀምጧል። አረንጓዴ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ላይኛዋ ተከራይ ደህና ሰው ናት፣ በጊዜዋ ትከፍላለች። የታችኛውን ግን ለማንም አላከራየሁትም። ፈላጊ ጠፍቶ አይደለም። ደረጃ የለውም፣ መኝታ ቤቱ ሙቅ ነው፣ በኛና በሱ መካከል ያለው አጥሩ ብቻ ነው። ኪራዩ ቀረብሽ አትበይኝ፣ አስቤበታለሁ፤ ከተረፈው ገንዘብ እየሞላሁት ነው። ግንቦት ላይ ብትመጪ ለጉልበትሽም ብርዱ አልፎ ይጠብቅሻል። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆዪ አልጠይቅሽም። ሲሆን ነርስነትሽን እዚያው ትተሽ፣ ሳይሆን ይዘሽው ነይ።

ሳልረሳ፣ ትሪሽ ከትናንት በስቲያ ደውላ ነበር። ሌላ ጉዳይ ኖሯት ነው፤ ግን ልትዘጋ ስትል፣ ያንን ክፍያ ማሳነሻ በፈለግሁት ቀን መጥቼ መጠየቅ እንደምችል፣ ወረቀቱንም እሷ ራሷ እንደምታዘጋጅልኝ ነገረችኝ። ደግ ሴት ናት። አመሰገንኳት። "አሁን አያስፈልገኝም" አልኳት። "የወሩን ክፍያ ሙሉውን ነው የምከፍለው፤ እስከቻልኩ ድረስ ሙሉውን።"

እውነቴን ነው፣ እታለሜ። አንቺ ነሽ የምታምኚኝ። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ተቀምጬ ያንን ከሺህ ዶላር በላይ የሆነ ክፍያ ወደ ባንኩ ስሰድ፣ ዌንደል ማዶው ክፍል ቴሌቪዥኑን ሲሳደብ ይሰማኛል። ዕዳ ስከፍል ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አሁን ክፍያው ከፍ እንዳለ ለዓመታት እንዲቆይ እጸልያለሁ።

አንቺም ጸልዪልኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ከደጅሽ አያርቅብሽ። ዌንደል ሰላም በያት ብሏል። እሁድ ሲደውልልሽ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ እንዳይበርደው ወደ ቤት ግባ በይው።

ድመቷን ይዛ የቆመችው ታናሽሽ